የትኛውን የላቲን ሰዓታት ልግዛ? ሦስት መጻሕፍት ጎን ለጎን

ላቲንና እንግሊዝኛ በትይዩ ዓምድ የሰፈሩበት፣ የቀደመውን ሥርዓት የሚከተል የካቶሊክ ሰዓታት የሚፈልግ ሰው ዛሬ ዓይኑ የሚያርፈው በአብዛኛው በሦስት መጻሕፍት ላይ ነው። አንደኛው የባሮኒየስ ፕሬስ ባለ ሦስት ቅጽ የሮማ ብሬቪያሪ (ሙሉው የሰዓታት መጽሐፍ) ነው። ሁለተኛው በእንግሊዝ አገር የፋርንቦሮው ቅዱስ ሚካኤል ገዳም የሚያሳትመው የመነኮሳት ዲዩርናል (የቀን ሰዓታት መጽሐፍ) ነው። ሦስተኛው ደግሞ ያው ባሮኒየስ የሚያሳትመው ትንሹ የእመቤታችን ሰዓታት ነው። ሦስቱም ያምራሉ፤ ችግሩ ብዙ ገዥ ከትልቁ መጀመሩ ነው። ወር ሳይሞላው ቅጾቹ መደርደሪያ ላይ አቧራ ይለብሳሉ።

ትልቁ ብሬቪያሪ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ ሲሆን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ 23ኛ በ1960 ያጸደቁትን መመሪያ ይከተላል። ከመንፈቀ ሌሊት እስከ ንዋም ያለውን ሁሉ ይዟል፤ እኛ ጋ የሌለውንና ከነግህ ቀጥሎ የሚመጣውን ፕሪምንም ጨምሮ። መቶ ሃምሳው መዝሙረ ዳዊት ፒዮስ 10ኛ በ1911 ባወጡት ድልድል መሠረት በሳምንት ውስጥ ይዳረሳል። ዋጋው ከ300 ዶላር በላይ ነው። ይህን ያህል ገንዘብ የሚያስወጣው የመንፈቀ ሌሊቱ ጸሎት ነው፤ የመጽሐፍ ቅዱስ ንባቡ፣ የቅዱሳኑ ገድልና የእነ አውግስጢኖስ፣ የእነ ታላቁ ጎርጎርዮስ ስብከት ያለው እዚያ ነው። እነዚህን ንባቦች በየቀኑ አነባለሁ ብሎ ለቆረጠ ሰው ከዚህ የሚተካከል መጽሐፍ የለም። ነግህንና ሠርክን ብቻ ለሚጸልይ ግን ከክፍያው ብዙው የሚውለው ለማይገለጥ ወረቀት ነው።

አገላለጡም ልምምድ ይጠይቃል። የአንድ ቅዱስ በዓል ሲውል ከዘወትሩ ወደ መዝሙራቱ፣ ከመዝሙራቱ ወደ በዓሉ ገጽ፣ ከዚያም ለሰማዕታት ወይም ለደናግል ወደ ተዘጋጀው የጋራ ክፍል መመላለስ አለ። የሚያስተምር ሰው አጠገቡ ከሌለ የመጀመሪያዎቹ ወራት ከጸሎት ይልቅ የገጽ ፍለጋ ይሆናሉ።

ዲዩርናሉ በአንድ ቅጽ የተጠረዘ፣ ኮት ኪስ ወይም የእጅ ቦርሳ የሚይዘው ነው። መንፈቀ ሌሊት የለውም፤ ሌላው ሁሉ አለው። እኔ ለአብዛኛው ምእመን የምመርጠው ይህን ነው፤ ምክንያቱም ዋጋው ማነሱ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ የሚከተለው የቅዱስ ቤነዲክቶስ የ6ኛው ክፍለ ዘመን የመዝሙር ድልድል መደጋገምን ይወዳል። በንዋም ሰዓት ሌሊት ሌሊቱን የሚባሉት መዝሙር 4፣ 90 እና 133 ናቸው፤ አይለወጡም። በነግህ መዝሙር 66 በየቀኑ፣ 50ም አዘውትሮ ይመለሳል። ከማክሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ሠለስት፣ ቀትርና ተሰዓት ከ119 እስከ 127 ያሉትን አጫጭር መዝሙራት ሦስት ሦስት እያደረጉ ይካፈላሉ። በሥራ ቦታ ወይም በአውቶቡስ ለሚጸልይ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙም ሳይቆይ መጽሐፉን ሳይገልጥ በቃሉ ይወጣዋል። የሮማው ብሬቪያሪ ግን በእነዚህ ሰዓታት ለየቀኑ የተለያየ መዝሙር ስለሚሰጥ እንዲህ ቶሎ በቃል አይያዝም።

የሚዘምር ሰው ሌላም ልዩነት ያገኛል። ኡርባኖስ 8ኛ በ1632 የሮማውን ብሬቪያሪ የዝማሬ ግጥሞች በጥንታዊው የላቲን ቅኔ ምጣኔ አስተካክለው አውጥተው ነበር። የቤነዲክቶስ መነኮሳት ግን የቀደመውን ቃል ይዘው ቀሩ። የቀድሞውን ጣዕም የሚመርጥ ሰው በዲዩርናሉ ያገኘዋል፤ እኔም ከእነዚያ ወገን ነኝ።

ጉድለቱም መነገር አለበት። የቀን አቆጣጠሩ የገዳም ስለሆነ የሚከበረው ቅዱስ እሑድ በሚሰሙት ቅዳሴ ካለው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ከቄስዎ ጋር ሠርክን አብረው ሊጸልዩ ቢነሡም አይሆንም፤ መነኮሳቱ አራት መዝሙር ሲሉ የሮማው አምስት ይላል። በንዋምም «አሁን እንደ ቃልህ ባሪያህን በሰላም ታሰናብተዋለህ» የሚለው የስምዖን ጸሎት በሮማው አለ፣ በመነኮሳቱ የለም። ከሌሎች ጋር በአንድ ድምፅ መጸለይ ለሚፈልግ እነዚህ ቀላል ነገሮች አይደሉም።

ትንሹ የእመቤታችን ሰዓታት ጀማሪን አያስቸግርም። መልኩ በዓመት ሦስት ጊዜ ብቻ ይለወጣል፦ አንዱ ለአድቬንት (ከልደት በፊት ላለው የዝግጅት ጊዜ)፣ አንዱ ከልደት እስከ የካቲት 2 (በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር)፣ አንዱ ለቀረው ጊዜ። መዝሙራቱም ከመንፈቀ ሌሊቱ በስተቀር ቋሚ ናቸው። ልጅ ለሚያሳድግ፣ ላቲንንም ገና ለሚማር ሰው ይህ ይበቃል። የዐቢይ ጾምንና የፋሲካን ለውጥ የሚጠብቅ ግን ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሆኖበት ይሰለቻል።

ከመክፈልዎ በፊት ስለ ሦስቱም አንድ ነገር ያረጋግጡ። ሰበካዎ የሚጸልየው በ1971 የወጣውን አዲሱን ሰዓታት ከሆነ ከእነዚህ አንዳቸውም አይገጥሙም። እርሱ መዝሙራቱን በአራት ሳምንት ያዳርሳል፤ ፕሪምም የለውም።

ያገለገለ መጽሐፍ የሚገዙ ከሆነ ደግሞ መዝሙር 90ን ገልጠው የላቲኑን መጀመሪያ ያንብቡ። «ክዊ ሃቢታት» ካለ ጥንታዊው፣ በግሪጎሪያን ዜማ የሚዘመረው ትርጉም ነው። «ክዊ ዴጂስ» ካለ ግን በ1945 በፒዮስ 12ኛ ዘመን የወጣው አዲስ ትርጉም ነው፤ በዚያ ጊዜና በ1960ዎቹ መካከል የታተሙ ብዙ ብሬቪያሪዎች ይህን ይዘዋል። ሰዋስውን ያከበረ ነው፤ ከዜማ መጻሕፍቱ ጋር ግን አይስማማም። አዲሱ የባሮኒየስ ብሬቪያሪ ወደ ጥንታዊው ተመልሷል።

በግእዝ ዳዊት ያደገ አንባቢ በእነዚህ መጻሕፍት የመዝሙር ቁጥር ግራ አይጋባም። 50 ያው «ተሣሃለኒ» ነው፤ 51 ብለው የሚቆጥሩት ብዙዎቹ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱሶች ናቸው።

ልብዎ ገና ካመነታ ዲቪኑም ኦፊሲዩም የተባለው ድረ ገጽ የሮማውንም የመነኮሳቱንም ሥርዓት በላቲንና በእንግሊዝኛ ጎን ለጎን በነፃ ያቀርባል። አንድ ሳምንት በ1960ው፣ አንድ ሳምንት በመነኮሳቱ ይጸልዩ። በሁለቱም ሳምንት መንፈቀ ሌሊቱን ካለፉት ሦስቱን ቅጾች አይግዙ።