የሕንድ ባቡር በፓስ ወይስ በተራ ትኬት? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ለትምህርት ወደ ቪሻካፓትናም ከመጣሁ ወዲህ ከአገር ቤትም ከዱባይም የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ አንድ ጥያቄ አያጣም፦ «አንድ ጊዜ ከፍሎ ሕንድን በሙሉ በባቡር የሚያዞር ካርድ አለ አይደል?» ነበረ። ኢንድሬል ፓስ ይባል ነበር፤ ለውጭ አገር ጎብኚዎችና በውጭ ለሚኖሩ ሕንዳውያን በዶላር የሚሸጥ፣ ቢበዛ ለ90 ቀን የሚያገለግል ፓስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2017 ሽያጩ ቀረ። አሮጌ የጉዞ መመሪያዎች ግን ዛሬም ስለሚያሞግሱት ጠያቂው አልቀነሰም።

እኔ በመቅረቱ አልቆጭም። በሕንድ የረጅም ርቀት ባቡር ላይ ዋናው ዕቃ ኪሎ ሜትሩ ሳይሆን አልጋው ነው። ፓሱ የቦታ ማስያዣና የፈጣን ባቡር ተጨማሪ ክፍያዎችን ያስቀር ነበር እንጂ አልጋ ይዞ አይመጣም፤ ባለ ፓሱም ለእያንዳንዱ ሌሊት ቦታ ማስያዝ ነበረበት። አልጋ ካለቀ በእጁ የቀረው ውድ ወረቀት ነው።

ስለዚህ ይህ ግምገማ በፓሱ ፈንታ ለወራት ስለተጠቀምኩበት ነገር ነው፤ አይ አር ሲ ቲ ሲ በተባለው የመንግሥት ድርጅት በኩል የተከፈተ አካውንትና በእሱ ስለሚቆረጥ ተራ ትኬት። የሕንድ ስልክ ቁጥር ላለው ተማሪ ምዝገባው ቀላል ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ አሥር አሃዝ ያለው ፒ ኤን አር የሚባል ቁጥር ይመጣል፤ ከዚያ በኋላ የአልጋው ጥያቄም፣ የምግቡ ትእዛዝም፣ የተመላሽ ገንዘቡም ጉዳይ የሚያልቀው በእሱ ነው።

መማር ያለበት ነገር የተጠባባቂ ዝርዝሩን ማንበብ ነው። ትኬት ለሽያጭ የሚቀርበው ከጉዞው 60 ቀን አስቀድሞ ነው፤ እስከ 2024 መጸው ድረስ 120 ቀን ነበር። በዲዋሊ በዓል ሰሞን ተፈላጊ መስመሮች ሽያጩ በተከፈተበት ጠዋት ያልቃሉ፤ ዘግይቶ የመጣ ተጠባባቂ ይሆናል። ሌሎች በሰረዙ ቁጥር ወረፋው ወደ ፊት ይገፋል። በተጠባባቂነትና በተረጋገጠ አልጋ መካከል ደግሞ «አር ኤ ሲ» የሚሉት ደረጃ አለ፦ መሳፈር ይቻላል፣ ነገር ግን አንዱን የጎን አልጋ ከማያውቁት ሰው ጋር ተካፍሎ፣ ጉልበት ለጉልበት ተፋጥጦ ነው። ቀን ከሆነ ጨዋታ ይገኝበታል፤ ሌሊት ግን አልመክረውም። በኢንተርኔት የተገዛ ትኬት የመጨረሻው የተሳፋሪዎች ዝርዝር ሲወጣ ሙሉ በሙሉ ተጠባባቂ ሆኖ ከቀረ በራሱ ይሰረዛል፤ ጥቂት ተቀንሶ ገንዘቡ ይመለሳል።

ለአስቸኳይ ጉዞ «ታትካል» የሚባል፣ በዋዜማው ጠዋት የሚሸጥ ውድ ትኬት አለ፤ አየር ማቀዝቀዣ ላላቸው ፉርጎዎች በእኛ አቆጣጠር 4 ሰዓት ላይ፣ ለሌሎቹ 5 ሰዓት ላይ ይከፈታል። ከጁላይ 2025 ወዲህ ግን በኢንተርኔት የሚገዛው በሕንዱ አድሃር መታወቂያ የተረጋገጠ አካውንት ያለው ብቻ ስለሆነ፣ ለአጭር ጊዜ ጎብኚ በሩ ተዘግቷል።

ጎብኚው ግን ሌላ በር አለው። ታላቅ እህቴ ከዱባይ ልትጠይቀኝ ስትመጣ ወደ ቫራናሲ የሚሄደው ባቡር ለእኔ ረጅም የተጠባባቂ ወረፋ ያሳየኝ ነበር። ኒው ዴልሂ ጣቢያ አንደኛ ፎቅ ላይ ወዳለው የውጭ አገር ቱሪስቶች ቢሮ ሄደን ፓስፖርቷንና ቪዛዋን ስታሳይ፣ ለውጭ ቱሪስት ተለይቶ ከሚቀመጠው ኮታ አልጋ አገኘች። (ከጣቢያው ውጭ «ቢሮው ተዛውሯል» እያሉ መንገደኛን ወደ ጉዞ ወኪል የሚመሩ ደላሎች ሞልተዋል፤ ሰምቶ ማለፍ ነው።) ከፓሱ ጥቅሞች ሁሉ የሚናፈቀው ይህ ኮታ በሆነ ነበር፤ እሱ ደግሞ ፓሱ ከቀረ በኋላም አለ።

ስለ ፉርጎዎቹ ማዕረግ ብዙ ተብሏል፤ እኔ አጭር ፍርድ አለኝ። አየር ማቀዝቀዣ የሌለው «ስሊፐር» ለክረምትና ለቀዝቃዛው ወራት ይበቃል፤ መስኮቱ ይከፈታል፣ ሰው ይጫወታል፣ አንሶላ ግን ከቤት ይዞ መምጣት ነው። ባለ ሦስት ድርብ አልጋው የአየር ማቀዝቀዣ ፉርጎ ዋጋው ሁለት ተኩል እጥፍ ያህል ሲሆን አንሶላ፣ ትራስና ብርድ ልብስ ይሰጣል፤ በኤፕሪልና በሜይ ሙቀት ያለ እሱ አልሳፈርም። መካከለኛውን አልጋ የሚመርጥ ሰው አላየሁም። ደንቡ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ብቻ እንዲዘረጋ ስለሚፈቅድ ባለ አልጋው በቀን ከታችኛው ጋር ተጠግቶ ይቀመጣል። ብቻውን ለሚሄድ ሰው የላይኛው ምቹ ነው፤ ሻንጣ አጠገብ ይሆናል፣ ማንም «ትንሽ ጠጋ በል» አይልም።

ምግቡ ላይ ረዘም ብዬ ልቆይ፤ ምክንያቱም ጾመኛ ኢትዮጵያዊ ሕንድ ሲባል ችግር ያለበት አይመስለውም። አለበት። አረንጓዴ ነጥብ ያለበት «ቬጅ» ምግብ ሥጋና እንቁላል የለውም ማለት እንጂ የጾም ነው ማለት አይደለም። እርጎ በጎኑ ይቀርባል፣ አይቡ በወጡ ውስጥ ነው፣ ቂጣው በቅቤ ይታሻል። ለጄይን ሃይማኖት ተከታዮች የሚሠራው «ጄይን» የተባለውም ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ያወጣል እንጂ ወተት አያወጣም። ሻዩ ከወተት ጋር ተፈልቶ ስለሚመጣ ወተቱን መለየት አይቻልም፤ በምሥራቅ፣ በቤንጋል መስመር ላይ ግን «ሌቡ ቻ» የሚሉት የሎሚ ሻይ ይዘው የሚዞሩ አሉ። በሁዳዴ የያዝኩት መንገድ በደቡብ ጣቢያዎች ኢድሊ በሳምባር (በክክ ወጥ) ነው፤ ኢድሊው ከሩዝና ከጥቁር ምስር ሊጥ ቦክቶ በእንፋሎት የሚበስል ስለሆነ የእርሾ ጣዕሙ ለእኛ አፍ ባዕድ አይደለም። «ቅቤ እንዳታደርግበት» ብሎ መጨመር ግን ግዴታ ነው። በፒ ኤን አሩ ከሬስቶራንት አዝዞ ቪጃያዋዳን በመሰለ ትልቅ ጣቢያ መቀመጫ ድረስ ማስመጣትም ይቻላል፤ እኔ አብዝቼ የምጠቀመው ይህንን ነው። ውኃ ሲገዛ ጠርሙሱ ላይ የታተመውን ዋጋ ማየት ነው። አንድ ሻጭ ጨምሮ ሲጠይቀኝ 139 እደውላለሁ አልኩት፤ የቅሬታ መስመሩ ነው፤ የገንዘቡን መልስ ወዲያው ሰጠኝ።

ለመዝናናት ብቻ የሚሄዱባቸው መስመሮችም አሉ። ከቪሻካፓትናም ወደ አራኩ ሸለቆ የሚወጣው ባቡር በምሥራቅ ጋትስ ተራሮች 58 ዋሻ ያቋርጣል፤ ጣሪያው መስታወት የሆነ ፉርጎም አለው፤ መጨረሻው ቡና የሚያበቅሉ ነባር ጎሳዎች አገር ነው። ቡናቸውን ቀምሻለሁ፤ ፍርዴን ለአገሬ ባዳላ አይገርምም። በደቡብ ደግሞ ከመቱፓላያም ወደ ኡቲ የሚወጣው የኒልጊሪ ባቡር 46 ኪሎ ሜትር ለመውጣት አምስት ሰዓት ያህል ይፈጅበታል፤ ዳገቱ ላይ ጥርስ ያለው ሐዲድ ይይዘዋል። ሐዲዱ አንድ ሜትር ስፋት አለው፤ የአሮጌው የጅቡቲ አዲስ አበባ መስመር ስፋት ማለት ነው። ድሬዳዋ ላደገ ሰው ይህ መስመሩ በዩኔስኮ ቅርስነት ከመመዝገቡ የበለጠ ነገር ነው። ቦታው ጥቂት ስለሆነ ትኬቱን በተከፈተበት ቀን መያዝ ያሻል።

ደካማ ጎኑን ልንገራችሁ። በዲሴምበርና በጃንዋሪ የሰሜኑ ሜዳ በጉም ሲሸፈን ባቡሮች ብዙ ሰዓት ይዘገያሉ፤ በዚያ ወቅት በማግስቱ ጠዋት አውሮፕላን ላለበት ሰው ባቡር አላዝለትም። መጸዳጃ ቤቱ ሲነጋ እንደማታው አይደለም። የጉዞ ቀኑም ያሳስታል፦ ትኬቱ «ቅዳሜ 00:20» ካለ ለቅዳሜ አጥቢያ ነው፤ ዓርብ ማታ ጣቢያ መገኘት ያስፈልጋል።

ለፓስ የቀረበ ነገር የሚፈልግ ሰው የዙር ትኬት የሚባለውን ይጠይቅ። ከአንድ ጣቢያ ተነስቶ እዚያው የሚመልስ፣ እስከ ስምንት ቦታ ማረፍ የሚፈቅድ አንድ ትኬት ነው፤ ርቀት በጨመረ ቁጥር የኪሎ ሜትሩ ዋጋ ስለሚቀንስ ከተናጠል ትኬቶች ይረክሳል። የሚሰጠው ግን መንገዱ አስቀድሞ በባቡር መሥሪያ ቤቱ ከጸደቀ በኋላ ነው፤ አልጋውም እንደ ፓሱ ዘመን በየጉዞው ለብቻው ይያዛል። ከሁለት ሳምንት በታች ለሚቆይ ሰው ልፋቱ አያዋጣም።