ድፍድፍ ወይስ የተጣራ? ኒውዚላንድና ስሪላንካ ጎን ለጎን

የደሴት አገር ነዳጅ በመርከብ ካልመጣ ከየትም አይመጣም። ድንበር ላይ የሚሰለፍ ቦቴ የለም። ገዢው የሚመርጠው መርከቡ ምን ይዞ ይምጣ የሚለውን ነው። ድፍድፉን አስመጥቶ አገር ውስጥ ያጣራል፣ ወይም ያለቀለትን ቤንዚንና ናፍጣ ገዝቶ ዴፖ ያስገባል። ሁለት ደሴቶችን እንይ። ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ኒውዚላንድ ማጣራቱን ትታዋለች። ከ1964 ጀምሮ የሠራው የማርስደን ፖይንት ማጣሪያ በ2022 ቆመ። ምክንያቱ ሂሳብ ነው። ከእስያ ግዙፍ ማጣሪያዎች ዋጋ ጋር መፎካከር አልቻለም። የመርከብ ማራገፊያው፣ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ታንከሮቹና ወደ ኦክላንድ የሚሄደው 170 ኪሎ ሜትር ቧንቧ ግን ሥራ አልፈቱም። ያው ቦታ ዛሬ የተጣራ ነዳጅ መቀበያ ነው።

"የራሳችን ድፍድፍ ካለንስ?" የሚል አይጠፋም። ኒውዚላንድም ታራናኪ ላይ ታወጣለች። አብዛኛውን ግን ወደ ውጭ ስትሸጥ ነው የኖረችው። ማጣሪያዋ የሚፈልገው ሌላ ዓይነት ድፍድፍ ነበር።

ስሪላንካ ማጣሪያዋን ይዛ ቆይታለች። ሳፑጋስካንዳ በ1969 በኢራን እገዛ ሥራ ጀመረ፣ የተነደፈውም ለኢራን ድፍድፍ ነው። በ2012 በኢራን ላይ ማዕቀቡ ሲጠብቅ ጣጣው እዚህም ደረሰ። ሌላው ችግር የሚወጣው ምርት ነው። ማጣሪያን ቤንዚን ብቻ ስጠኝ ቢሉት አይሰማም። ቤንዚኑም፣ ናፍጣውም፣ ከሥር የሚቀረው ከባድ ጥቁር ናፍጣም አብረው ይመጣሉ። የቆየ ማጣሪያ ደግሞ ጥቁሩን ያበዛዋል። ስሪላንካ ጥቁሩን ኃይል ማመንጫ ውስጥ ታነደዋለች፤ የጎደላትን ቤንዚንና ናፍጣ ግን ያው ከውጭ ትገዛለች። ማጣሪያ ያለው አገር የተጣራ አይገዛም ያለን ሰው ሳፑጋስካንዳን ማሳየት ነው።

በዋጋ ስናየው፣ ድፍድፍ በትልልቅ መርከብ ስለሚጫን የበርሜሉ ማጓጓዣ ይረክሳል። ጥገናና ማዘመን ሲታከልበት ግን ትርፉ ይሳሳል። በነዳጅ ውስጥ የሚፈቀደው የሰልፈር መጠን ደንብ ሲጠብቅ ማጣሪያ ያለው ብዙ ገንዘብ ያፈሳል። የተጣራ ገዢው የጨረታ ሰነዱ ላይ ቁጥር ይቀይራል፣ አለቀ። ለኔ ይሄ ብቻውን ሚዛኑን ይደፋል።

ተረፈ ምርቱን ግን እንዳትረሱ። ማርስደን ፖይንት ለመንገድ ሬንጅ፣ ለቢራና ለለስላሳ መጠጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያቀርብ ነበር። ሲዘጋ እነዚህም ከውጭ መፈለግ ነበረባቸው።

አስተማማኝነት ላይ ሁለቱም ይወድቃሉ። በ2017 ኒውዚላንድ ማጣሪያዋ እየሠራ ነበር። ቀደም ሲል ኤስካቫተር የጫረው ያ ቧንቧ ፈነዳና ኦክላንድ አውሮፕላን ማረፊያ ነዳጅ አጠረው፣ በረራዎችም ተሰረዙ። ስሪላንካ ደግሞ በኅዳር 2021 ለድፍድፍ የሚሆን ዶላር ጠፍቶ ማጣሪያው ቆመ። በተጣራውም አልዳነችም። በ2022 ቤንዚን የጫነ መርከብ ክፍያ እየጠበቀ ባህር ላይ ሰነበተ። ሕዝቡ ማደያ ደጃፍ ተሰልፎ አደረ፣ በኋላም ኮታው በኪውአር ኮድ ሆነ።

እንግዲህ የሚያዋጣው ምንድን ነው? ማጣሪያው ትንሽና አሮጌ ከሆነ የተጣራውን ግዙ፤ ለእድሳት የታሰበውን ገንዘብ ማጠራቀሚያ ታንከር ላይ አውሉት። አሰብ ያለው ማጣሪያ በ1997 ሲዘጋ ኢትዮጵያም ወደ ተጣራው ዞራለች። ኒውዚላንድ ከጥር 2025 ጀምሮ አስመጪዎች የ28 ቀን ቤንዚን፣ የ24 ቀን የአውሮፕላን ነዳጅና የ21 ቀን ናፍጣ እንዲይዙ በሕግ አስገድዳለች። ስሪላንካ በተቃራኒው ትሪንኮማሊ ላይ ከእንግሊዝ ዘመን የተረፉ ግዙፍ ታንከሮች አሏት። አብዛኞቹ ለአሥርተ ዓመታት ጫካ ውጧቸው ባዶ ቆመዋል። ሰልፉ ከመበርታቱ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ በ2022 መጀመሪያ ነው 61ዱን ከሕንድ ኩባንያ ጋር ለማልማት የተፈረመው።

ማጣሪያ እንሠራለን የምትሉ ከሆነ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። ከስንት አገር ድፍድፍ መቀበል ይችላል? ጥቁሩንስ ማን ይገዛዋል? በጥር 2025 የቻይናው ሲኖፔክ ስሪላንካ ውስጥ ሃምባንቶታ ላይ ለመሥራት የተስማማው በቀን 200,000 በርሜል የሚያጣራ ነው፣ ወጪውም 3.7 ቢሊዮን ዶላር። ይሄ ወደ ውጭ ለመሸጥ ጭምር የታሰበ ስለሆነ ከሳፑጋስካንዳ ጋር በአንድ ሚዛን አይቀመጥም።