ያገለገለ መርሴዲስ ኢ ክላስ ለጅማ ሰው፦ የትኛው ሞተር ይሻላል?

ሻጭ መጀመሪያ የሚያሳያችሁ ቀለሙንና የቆዳ ወንበሩን ነው። እናንተ መጀመሪያ ሊብሬውን ጠይቁ። ኮፈኑ ኋላ ላይ የተለጠፈው “ኢ 350” ተነቅሎ የሚለጠፍ ነገር ነው። የሞተር ቁጥሩ ግን የመኪናውን ማንነት ይናገራል። መርሴዲስ ላይ የዚህ ቁጥር የመጀመሪያዎቹ 3 አኃዞች የሞተሩን ዓይነት ያሳያሉ፦ 112፣ 271፣ 272፣ 642፣ 646፣ 648። ሊብሬው ላይ ያለው ሞተሩ ላይ ከተቀረጸው ጋር መመሳሰሉን መካኒኩ ያረጋግጥላችሁ።

የማወራው እ.ኤ.አ. ከ2002 እስከ 2009 ስለተሠራው፣ ባለ አራት ሞላላ የፊት መብራት ስላለው ኢ ክላስ ነው። በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት እ.ኤ.አ. ከ2024 መጀመሪያ ወዲህ ስለተከለከለ ምርጫችን አገር ውስጥ ያለው ብቻ ነው። የተበላሸ ሞተር የያዘ መኪናም ከእጅ ወደ እጅ እየዞረ አንድ ቀን እኛ ጋ ይደርሳል።

ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ከተማ ናት። ተርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ገደማ ያጣል። ወረቀት ላይ 177 የፈረስ ጉልበት አለው የተባለው ኢ 240 እዚህ የሚሰጣችሁ 147 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የአዲስ አበባ መንገድ አለ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መሐሉ ላይ ደግሞ የጊቤ ሸለቆ። ሰኮሩን አልፋችሁ ወደ ድልድዩ ስትወርዱ ፍሬን ይፈተናል። ወደ ወልቂጤ ስትወጡ በዚያ ሙቀት ሞተርና ራዲያተር ይፈተናሉ። ጅማ ያለው አብዛኛው ጋራዥ ደግሞ እጁን የፈታው በቶዮታ ነው። የመርሴዲስ መመርመሪያ ኮምፒውተር የሚፈልግ ብልሽት ከመጣ መኪናው ተጭኖ ሸገር መሄዱ ነው። ስለዚህ እኔ ሞተር ስመርጥ ከፍጥነቱ በፊት ሲበላሽ ምን እንደሚያስከትል አያለሁ።

ከትንሹ እንጀምር። ቁጥሩ በ271 ከጀመረ ኢ 200 ኮምፕሬሰር (በሞተሩ የሚዞር የአየር መጭመቂያ ያለው) ነው። 1,796 ሲሲ፣ 4 ሲሊንደር፣ 163 የፈረስ ጉልበት፤ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ2006 ሞዴሉን ካደሰ በኋላ 184። ከሂርማታ ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ከዩኒቨርሲቲ ወደ ቤት ለሚመላለስ ሰው ይበቃል። ነዳጁም ከ6 ሲሊንደሮቹ ያነሰ ነው። ችግሩ የታይሚንግ ሰንሰለቱ (ቫልቮቹ በጊዜያቸው እንዲከፈቱና እንዲዘጉ የሚያደርገው) ነው። ይረዝማል፤ ካምሻፍቱ ላይ ያሉት ጥርሶችም ይበላሉ። ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ አስነሱት። ለጥቂት ሴኮንድ ከተንኳኳ ሰንሰለቱን ጠርጥሩ። ሻጩ ሞተሩን አሙቆ ከጠበቃችሁ “ነገ በጠዋት እመጣለሁ” ብላችሁ ሂዱ።

112 ካያችሁ ግማሽ ጭንቀታችሁ ይቀላል። ይህ ቪ6 ሞተር በሁለት መጠን ይመጣል፦ ኢ 240 (2,597 ሲሲ) እና ኢ 320 (3,199 ሲሲ)። ሁለቱም ዘይትና ውሃው ከተጠበቀለት ብዙ የሚሄድ ሞተር ነው። የቴስታታ ክዳን ጓርኒሲዮኑ ዘይት ያፈሳል፤ ይህ ቀላል ነው። ሲሞቅ በድንገት ጠፍቶ ሲበርድ የሚነሳ ከሆነ ብዙ ጊዜ የክራንክ ሴንሰሩ (የሞተሩን መዞር ለኮምፒውተሩ የሚነግረው) ነው። ትንሽ እቃ ናት፤ አንድ ትርፍ መኪና ውስጥ ይኑራችሁ፣ ጊቤ ላይ ታስፈልጋችኋለች። ሌላው መታወቅ ያለበት፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ አለው። 6 ሲሊንደር፣ 12 ካንዴላ። “ሰርቪሱ ሙሉ ነው” የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ስንት ካንዴላ እንደቀየረ ጠይቁት። 6 ካለ ሞተሩን አያውቀውም።

ከሁለቱ የቱ? ኢ 320፣ ያለማመንታት። የመጎተት አቅሙ 315 ኒውተን ሜትር ነው፤ የኢ 240ው 240 ብቻ። ሁለቱም የሚሸከሙት ያንኑ 1,600 ኪሎ ግራም አካባቢ የሚመዝን አካል ነው። የነዳጅ ፍጆታቸው ደግሞ ተቀራራቢ ነው፤ ትንሹ ዳገት ላይ ሲታገል ያን ያህል ይጠጣል። ሰው “ትንሽ ሲሲ ስለሆነ ይቆጥባል” ብሎ ኢ 240 ሲገዛ አያለሁ። የሚቆጥበው መግዣው ላይ ነው።

በ272 የሚጀምረው ሌላ ታሪክ ነው። ኢ 280 (231 የፈረስ ጉልበት) እና ኢ 350 (272 የፈረስ ጉልበት) ላይ የሚገኝ፣ ሲነዱት ደስ የሚል ሞተር። ነገር ግን የመጀመሪያዎቹ ላይ የባላንስ ሻፍቱ (የሞተሩን ንዝረት የሚቀንሰው ዘንግ) ጥርስ ያለ ጊዜው ይበላል። ታይሚንጉ ይዛባል፣ የሞተር መብራት ይበራል። ጥርሱን ለመቀየር ሞተሩ ከመኪናው መውጣት አለበት። እዚህ ላይ ነው ሊብሬው ወርቅ የሚሆነው፦ የሞተር ቁጥሩን የመጨረሻ 6 አኃዞች ተመልከቱ። ከ468993 በታች ከሆነ ችግሩ የሚያሰጋቸው ውስጥ ነው። መቀየሩን በደረሰኝ ካላሳያችሁ ሌላ ፈልጉ። “መብራቱን አጥፍቼዋለሁ” የሚል መልስ እንደ ጥገና አይቆጠርም። በኮምፒውተር ተደምስሶ የጠፋ መብራት ጥቂት ከተነዳ በኋላ ተመልሶ ይበራል።

እዚህ ላይ ራስ የሚያዞር ነገር አለ። ከ2006ቱ እድሳት በፊት የተሠሩት ፍሬናቸው በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ነው። ፖምፓው የተወሰነ ቁጥር ያህል ከተረገጠ በኋላ ዕድሜው እንዳለቀ በቀይ ማስጠንቀቂያ ይናገራል። ሲከዳ መኪናው ይቆማል፤ ግን ፔዳሉን በሙሉ ኃይል መርገጥ ያስፈልጋል፣ መቆሚያውም ይረዝማል። የጊቤ ቁልቁለት ላይ ይህን መሞከር አትፈልጉም። ከእድሳቱ በኋላ ፋብሪካው ወደ ተለመደው ፍሬን ተመልሷል። ስለዚህ የቀድሞው ጥሩ ሞተር (112) ከአስቸጋሪ ፍሬን ጋር ይመጣል፤ የኋለኛው ጥሩ ፍሬን አጠራጣሪ ሊሆን ከሚችል ሞተር (272) ጋር።

የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። ቁጥሩ ከ468993 በላይ የሆነ፣ 2008 ወይም 2009 የተሠራ ኢ 280 ከተገኘ መጀመሪያ እሱ። ካልተገኘ የፍሬን ፖምፓው የተቀየረበት ኢ 320። ፖምፓው ካልተቀየረ ቆጣሪው በመርሴዲስ ኮምፒውተር ይነበብ፤ የቀረው ትንሽ ከሆነ የፖምፓው ዋጋ ከመኪናው ዋጋ ላይ ይቀነስ።

ናፍጣስ? ረጅም መንገድ ለሚሄድ ሰው ልብ የሚያማልል ነው። ተርቦ ስላለው ከፍታው እንደ ቤንዚኑ አይጎዳውም። ሲዲአይ የመርሴዲስ ናፍጣ ሞተር መጠሪያ ነው። ኢ 220 ሲዲአይ (646) 150 የፈረስ ጉልበት ብቻ ይዞ 340 ኒውተን ሜትር ይጎትታል። ኢ 320 ሲዲአይ (648) ደግሞ 500። ይህ 6ቱ ሲሊንደር በአንድ ረድፍ የተደረደረበት ሞተር መርሴዲስ በዚያ ዘመን ከሠራቸው ናፍጣዎች ሁሉ የምወደው ነው። ከ2005 ጀምሮ በ642 ተተካ። 642 ጉልበት አያንሰውም፤ ግን መሐል ሆዱ ውስጥ ያለው የዘይት ማቀዝቀዣ ጎሚኒ ያፈሳል። ጎሚኒው ርካሽ ነው፣ እዚያ ለመድረስ ግን የሞተሩ ግማሽ መፈታት አለበት።

የሚያሳስበኝ ናፍጣውን ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ኢንጀክተር ነው። ከ1,000 ባር በላይ በሆነ ግፊት የሚሠራ ነገር ውሃና ቆሻሻ አይችልም። ናፍጣ ሲጠፋ ቡና ከሚጭኑት አይሱዙዎች ኋላ መሰለፍ አለ። ሰልፉ የሰለቸው በጄሪካን ይገዛል። አይሱዙው ያንን ናፍጣ ውጦ ዝም ይላል፤ ሲዲአይ ዝም አይልም። ከማደያ ብቻ እንደምትቀዱና የናፍጣ ፊልትሮውን በጊዜው እንደምትቀይሩ እርግጠኛ ከሆናችሁ፣ በወር ሁለት ሦስቴ አዲስ አበባ የምትመላለሱም ከሆነ፣ 648ን ፈልጉ። እሱም ከእድሳቱ በፊት ስለሆነ የፍሬኑ ነገር ይመለከተዋል። ከተማ ውስጥ ብቻ ለሚነዳ ናፍጣውን አልመክርም፤ የሚቆጥበውን አንድ ኢንጀክተር ይበላዋል።

ኢ 500ን የጠየቁኝ አሉ። 306 የፈረስ ጉልበት፣ ቪ8፣ ሞተሩ ራሱ ጠንካራ ነው። ነገር ግን ከፋብሪካው በብረት ሞላ ፈንታ በአየር ከረጢት ነው የሚመጣው። የአየር ከረጢቱ ሲያፈስ መኪናው ተኝቶ ያድራል፣ አየር የሚሞላው ኮምፕሬሰርም ያለ ዕረፍት እየሠራ ይቃጠላል። የጅማን የክረምት ጉድጓድ ለምታውቁ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም።