አራት ኪሎ ላለችው ሲስተር ምስጋና

አባዬ «እኔ ስኳር የለብኝም» እያለ የሚኮራ ሰው ነው። በባዶ ሆዱ ተመርምሮ 118 ወጣለት፤ የመረመሩትም «ደህና ነዎት» ብለው ሸኙት። 126 ስላልደረሰ የስኳር ሕመምተኛ አይባልም። እስከዚህ ልክ ናቸው።

ከአራት ኪሎ ወደ ግንፍሌ ስትወርዱ ባለች ትንሽ ክሊኒክ የምትሠራው ነርስ ግን አልተዋጠላትም። ወረቀቱን አየችና ከኪሷ የልብስ ሰፊ ሜትር አወጣች። «አባባ፣ እስቲ ይነሱልኝ።» ወገቡ 104 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ግፊቱ 146 በ92። አባዬ «ሱፍ ልታሰፊልኝ ነው?» ብሎ ሳቀ።

እሷ አልሳቀችም። ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ የደም ሥርን የውስጥ ሽፋን እየጎዳ ይሄዳል አለችው። የተጎዳው ቦታ ላይ ስብ ይጠራቀማል፣ ሥሩ ይጠባል፣ ደሙም ቶሎ ይረጋል። የረጋው ደም ወደ አንጎል የሚወስደውን ሥር ከዘጋ ስትሮክ መጣ ማለት ነው። የስኳር ሕመም ያለበት ሰው በዚህ ዓይነቱ ስትሮክ የመያዝ ዕድሉ ከሌለበት በእጥፍ ገደማ ይበልጣል። አባዬ እዚያ ባይደርስም ስኳሩ ከጤናማው ልክ ከፍ ብሏል፤ 118 ለብቻው ቢሆን ብዙም ባላሳሰባት። ያሳሰባት ከግፊቱና ከቦርጩ ጋር መግጠሙ ነው። ቦርጭ፣ ግፊት፣ ስኳር፣ ትራይግሊሰራይድ የሚሉት የደም ቅባት መብዛት፣ የጥሩው ኮሌስትሮል ማነስ፤ ከአምስቱ ሦስቱ ከተገኙ ሜታቦሊክ ሲንድሮም ይባላል። የኛ ሰውዬ የቅባት ምርመራው ሳይደርስ ሦስቱን ሞልቶ ቁጭ ብሏል።

የወደድኩላት ደግሞ እንጀራ ከልክላ አለመሸኘቷ ነው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም ሐኪም ነው፤ ያልተከለከለ ምግብ የለም። እሷ ግን ጠየቀችው። «ሻይዎ ውስጥ ስንት ማንኪያ ስኳር ይጨምራሉ?» «ሦስት» አላት። እማዬ ከጎኑ «አራት» አለች። እንጀራውን ቀንሶ ጎመኑን እንዲያበዛ፣ በሳምንት አምስት ቀን ግማሽ ግማሽ ሰዓት እንዲራመድ ነገረችው። ከክብደቱ ከ5 እስከ 7 በመቶ ቢቀንስ ወደ ስኳር ሕመም የመሄድ ዕድሉ በጣም ይወርዳል፤ 90 ኪሎ ለሆነው አባዬ አምስት ስድስት ኪሎ መሆኑ ነው። ለግፊቱ ሐኪም ዘንድ ላከችው፤ አሁን መድኃኒት ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት እያጉረመረመም ቢሆን እስከ ስድስት ኪሎ ይወጣል።

ጾመኞች ይቺን ልብ በሉልኝ። የስኳር መድኃኒት እየወሰዳችሁ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ካላችሁ፣ ጾሙ ሳይገባ ሐኪም አማክሩ ትላለች። ስኳር ከልክ በታች ሲወርድም አንደበት ያስራል፣ ያደናግራል፤ ስትሮክ ይመስላል። ለዚህ ነው ድንገተኛ ክፍል መጀመሪያ ጣት የሚወጉት። ቤት ሆናችሁ ግን ለመለየት አትጨነቁ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ ንግግር ከተሳሰረ ወዲያው 907 ደውሉ ወይም ታክሲ ያዙ። የረጋውን ደም የሚያሟሟው መድኃኒት የሚሰጠው ምልክቱ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ክሊኒኩ ገብታችሁ «ሜትር የያዘችው ሲስተር» ካላችሁ ያሳዩዋችኋል። ወረፋው ይረዝማል፤ ከእያንዳንዱ ሰው ጋር ብዙ ታወራለች፣ የሚያጨስ ካገኘች ደግሞ አትለቀውም። ቁርስ ሳትበሉ በጠዋት ሂዱ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ከነካርቶኑ ያዙ። እሁድ አትገባም።