ስኖውቦርድ ላስመረጡኝ የባሕር ዳሩ ሳይክል ሠሪ

ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገንና ለእናንተም ለመጠቆም ነው። ሰውዬው ባሕር ዳር ሳይክል ይሠራሉ። ካላማዳሪያ ይለጥፋሉ፣ ካቴና ይቀይራሉ፣ የተጣመመ ቸርኬ ያቀናሉ። እኔን የረዱኝ ግን ስኖውቦርድ በመምረጥ ነው። አዎ፣ ሰው ሁለት እግሩን አስሮ በበረዶ ቁልቁለት የሚንሸራተትበት ቦርድ። ስማቸውን እንዳልጽፍ አስምለውኛል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ታሪካቸውን ለሚያውቅ ነገሩ አይገርምም። ጋሼ ወደ ባሕር ዳር ጠቅልለው ከመግባታቸው በፊት ካናዳ፣ አልበርታ ውስጥ ስኪና ስኖውቦርድ በሚያከራይ ቤት ለዓመታት ሠርተዋል። ጠርዝ ሲሞርዱ፣ ሰም ሲቀቡ፣ የማሰሪያ ብሎን ሲያጠብቁ ኖረዋል። እኔም የምኖረው እዚያው ካልጋሪ ነው። ለፋሲካ ቤተሰብ ልጠይቅ መጥቼ የወንድሜን ሳይክል ላሠራ ስሄድ ወሬ ወሬን አነሳና ስለ በረዶ ማውራት ጀመርን።

ካልጋሪ ውስጥ አንድ ሱቅ ገብቼ ነበር። ሻጩ የት እንደምጫወት እንኳ ሳይጠይቀኝ ከመደርደሪያው ላይ ውዱን አወረደልኝ። ለጥልቅና ለስላሳ በረዶ የተሠራ፣ አፍንጫው ሰፊ የሆነ ቦርድ ነው። እኔ ደግሞ ጥልቅ በረዶ ውስጥ የምገባ ሰው አይደለሁም። ውዬ የማድረው እ.ኤ.አ. ለ1988ቱ የካልጋሪ ክረምት ኦሎምፒክ በተሠራው ናኪስካ በተባለ የበረዶ መንሸራተቻ ተራራ ነው። እዚያ ማታ ማታ ማሽን ቁልቁለቱን ጠፍጥፎ፣ ቀጫጭን መስመር ጥሎበት ያድራል። ጠዋት በዚያ ላይ ቦርዱን በጠርዙ አስነክሶ ግራና ቀኝ መታጠፍ ነው የኔ ደስታ። አልፎ አልፎም ትንንሽ ዝላይ እሞክራለሁ።

ጋሼ ቦርድ ከመጥቀሳቸው በፊት ጥያቄ አዘነቡብኝ። "ስንት ኪሎ ነህ? ጫማህ ስንት ቁጥር ነው? አስር ጊዜ ስትወርድ ስንቴ ትዘላለህ?" ቁመቴን አልጠየቁኝም። "ቦርዱ ላይ ቆሞ አገጩ ጋ ደረሰ፣ አፍንጫው ጋ ደረሰ የሚባለው የድሮ ነው። ቦርዱ ቁመትህን አያውቅም፣ ክብደትህን ነው የሚሸከመው" አሉኝ። እኔ 78 ኪሎ ነኝ። "158 ሴንቲሜትር አካባቢ ፈልግ" አሉ።

ከዚያ የመጣው ነው ልቤን የሳበው። ከሥራ ጠረጴዛው ላይ ጎበጥ ያለ አሮጌ የሴጌቶ ምላጭ አነሱ። ጉብጠቱን ወደ ላይ አድርገው አስቀመጡት። ሁለቱ ጫፎች ጠረጴዛውን ነክተዋል፣ መሃሉ ከፍ ብሏል። በሌባ ጣታቸው መሃሉን ሲጫኑት ምላጩ ጠፍጣፋ ሆነ፤ ጫፎቹም ጠረጴዛውን ቆነጠጡት። "ይሄ ካምበር ነው። ስትቆምበት ጠርዙ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይነክሳል።" ምላጩን ገለበጡት። አሁን መሃሉ ብቻ ነው የሚነካው፣ ጫፎቹ አየር ላይ ናቸው። አንዱን ጫፍ በጥፍራቸው መታ ሲያደርጉት ዞረ። "ይሄ ደግሞ ሮከር። ለጥልቅ በረዶ ግሩም ነው፣ ይንሳፈፋል። ለጀማሪም ይቀላል። ጠጣር በረዶ ላይ በፍጥነት ስትታጠፍ ግን እንዲህ ይዞርብሃል።"

እኔ ስንት ቪዲዮ አይቼ ያልገባኝ ነገር በአንድ ዝገት የበላው ምላጭ ገባኝ።

ጎማው እስኪሞላለት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ሁሉንም ሲሰማ ቆይቶ፣ "ጋሼ፣ ፍሬን አለው እንዴ?" ብሎ ጠየቀ። ጋሼ ሳይስቁ መለሱለት፦ "ፍሬኑም መሪውም ጠርዙ ነው።" ልጁ ለእናቱ እንደሚነግራት በዓይኑ ያስታውቅ ነበር። አያይዘውም የሮቤል ተክለማርያምን ነገር አነሱለት። ሮቤል እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ኢትዮጵያን ወክሎ በስኪ ተወዳድሯል። "ስለዚህ በረዶ የፈረንጅ ብቻ አይደለም" አሉት።

ለኔ የመከሩኝ ባጭሩ ይህ ነው። ካምበሩ ከእግር ሥር የሚጠነክር፣ አፍንጫው ላይ ጥቂት ብቻ ከፍ ያለ ይሁን። ቅርጹ ከሞላ ጎደል ከፊትም ከኋላም አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ፊቱ ትንሽ ይርዘም። እንዲህ ያለው ለመታጠፍ ያዘነብላል፣ ከዝላይ በኋላም ወደ ኋላ ዞሮ ማረፍ አያስቸግርም። ጥንካሬው፣ ማለትም ለመጉበጥ እንቢ ማለቱ፣ ከ10ሩ 6 አካባቢ ይሁን። በጣም የላላ በፍጥነት ላይ ይንቀጠቀጣል። በጣም የደረቀ ደግሞ ሲዘሉበት እንቢ ይላል፤ ሲያርፉበትም ጉልበት ይቀጣል። ቁጥሩ ከኩባንያ ኩባንያ ስለሚለያይ ግን በእጅ ጎንበስ አድርጎ መሞከር ነው።

ስፋቱ ላይ ብዙ ቆዩ። እኔ 44 ቁጥር ነው የማደርገው። ቦርዱ ጠባብ ከሆነ፣ በጠርዝ አጋድለህ ስትታጠፍ የቡቱ (የስኖውቦርድ ጫማው) ጫፍ በረዶውን ይነካና ጠርዙን ያስለቅቀዋል። ያኔ ወደቅክ ማለት ነው። "ወገቡ፣ መሃሉ ላይ ያለው ስፋት፣ ከ255 ሚሊሜትር አይጥበብ" አሉኝ። ኪራይ ቤት ሲሠሩ ሰዎች ስለ ቦርዱ ሥዕል ይጨቃጨቁ እንጂ ስለ ስፋቱ የሚጠይቅ ብርቅ ነበር አሉ።

ስለ ገንዘብም መከሩኝ። ካናዳ ውስጥ ፀደይ ሲመጣ ሱቆች ያለፈውን ወቅት ቦርድ ቀንሰው ይሸጣሉ። አዲስ ሞዴል ተብሎ ብዙ ጊዜ የሚቀየረው ሥዕሉ ነው። "ያተረፍከውን ቡት ላይ አውለው። ተረከዝህ ቡቱ ውስጥ ከተነሳ የቦርዱ ጥሩነት ዋጋ የለውም።" ለሄልሜት ደግሞ ክርክር የለም አሉ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ካልጋሪ ስመለስ ባለፈው ወቅት የወጣ፣ ልክ እሳቸው በገለጹት ዓይነት ቦርድ በቅናሽ ገዛሁ። ማሰሪያዎቹን ጋሼ በቪዲዮ ጥሪ እያዩ አስተካከሉልኝ። የፊተኛውን 18 ዲግሪ ወደ ፊት፣ የኋለኛውን 6 ዲግሪ ወደ ኋላ። በረዶውን የሚነካው የቦርዱ ፕላስቲክ ሰም የሚጠጣው ዓይነት ስለሆነ፣ ቶሎ ቶሎ ሰም ካልተቀባ እንደሚደርቅም ነገሩኝ። ወቅቱ ሲከፈት ናኪስካ ሄድኩ። ጠዋት፣ በረዶው ገና ጠጣር እንደሆነ፣ ጠርዙ ሲነክስ ድምፁ ይሰማል። ዞር ብዬ ሳይ የተውኩት መስመር ቀጭን ነው፣ የተጠረገ በረዶ የለበትም። ዝላዩም ጥሩ ነው። ትልቅ ነገር አልዘልም፣ ግን የዘለልኩትን በእግሬ አርፋለሁ።

እንከን የለውም አልልም። በረዶ ብዙ በጣለ ቀን የኋላ እግሬ ይዝላል። ሐሳብህ ሌላ ጋ ከሄደም ጠርዙ ያልፈለግከው ቦታ ነክሶ ይጥልሃል። ይህንንም አስቀድመው ነግረውኛል፦ "ካምበር ዝንጉ ሰው አይወድም።"

ታዲያ ለማን ነው የምጠቁመው? ዴንቨር፣ ሚኒያፖሊስ፣ ኦስሎ፣ የትም በረዶ አገር ያላችሁ፣ ወይም ልጆቻችሁ ስኖውቦርድ ግዙልን እያሉ የሚያስጨንቋችሁ፣ ሱቅ ከመግባታችሁ በፊት ጋሼን አናግሩ። ምንም የሚሸጡላችሁ ነገር ስለሌለ የሚያዳሉለት ዕቃ የላቸውም። ገንዘብ ልላክ ብላቸው ተቆጡኝ።

ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ ሳይክላችሁን ውሰዱላቸው። ያው ናቸው፤ መጀመሪያ ይጠይቃሉ። አስፋልት ላይ ብቻ ነው የምትነዳው? ኮብልስቶን አለ? ቤዛዊት ትወጣለህ? የወንድሜን ሳይክል ፍሬን የቀየሩት ቁልቁለት እንደሚወድ ከጠየቁት በኋላ ነው። ቀርፋፋ ናቸው፣ ይህን ልደብቅ አልችልም። ለዛሬ ማታ የሚቸኩል ሰው ሌላ ጋ ቢሄድ ይሻለዋል። እሁድና በዓል ዝግ ነው።

ስልካቸውን በውስጥ መስመር ለጠየቀኝ እሰጣለሁ፣ ፈቅደውልኛል። ብቻ ከመደወላችሁ በፊት ሚዛን ላይ ውጡ። "ሰባ ምናምን" ካላችኋቸው "ተመዝነህ ደውል" ብለው ይዘጉባችኋል።