ዘጠኝ ወር በአስፋልትና በኮረኮንች፦ የባጃጄ ጎማዎች ነገር

ባለፈው ጥቅምት ለባጃጄ አራት አዲስ ጎማ ገዛሁላት። ሦስቱ ለእግሯ፣ አንዱ ለስኮርታ። አሁን ሐምሌ እየተገባደደ ነው። ቆጣሪው ላይ 15,400 ኪሎ ሜትር ተጨምሯል። ተራ ላይ "ምን ጎማ ነው ያሰርከው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ፣ አንዴ ልጻፈውና ልገላገል።

የብራንድ ስም አልጠራም። አንደኛ፣ ማንም አልከፈለኝም። ሁለተኛ፣ ስም አይቼ ገዝቼ ተሸውጄ አውቃለሁ። ጎኑ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ይሻላል።

መጀመሪያ መንገዴን ልንገራችሁ። ጠዋት ጠዋት ከጎንደር ፒያሳ አዘዞ እሠራለሁ። 12 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው፤ ስትሄድ ቁልቁለት፣ ስትመለስ ዳገት። ከሰዓት በኋላ ኮንትራት ከተገኘ ቁስቋም እወጣለሁ፣ ወለቃ እደርሳለሁ፣ ሰፈር ውስጥ ለውስጥ በኮብልስቶን እንቀጠቀጣለሁ። ቅዳሜ ደግሞ ከገበያ ሦስት ሰው ከነጆንያው። በኪሎ ሜትር ካየነው አስፋልቱ ይበልጣል። ጎማውን የሚጨርሰው ግን ያ ትንሹ ኮረኮንች ነው።

የድሮዎቹ ጎማዎች ርካሽ ነበሩ። ከአሁኖቹ እያንዳንዳቸው በ800 ብር ይቀንሳሉ። አራት ወር ሳይሞላቸው የኋላዎቹ ሊሾ ሆኑ። ሊሾ መሆኑስ ይሁን፤ የግራው ጎኑ ላይ እብጠት አወጣ። "ዛሬን ያድርሰኝ" እያልኩ ሦስት ቀን ነዳሁበት። በአራተኛው ቀን አንዲት እናት ጭኜ ወደ ቁስቋም ስወጣ ዳገቱ ላይ ፈነዳ። ባጃጇ ወደ ግራ ዘመም አለች። እማማ የእንቁላል ዘንቢላቸውን ደረታቸው ላይ እንዳቀፉ፣ "ልጄ፣ እኔስ ተረፍኩ፤ አንተ ግን በዚህ ጎማ ሰው ትጭናለህ?" አሉኝ። ሁለት እንቁላል ተሰብሯል። ልክፈል ብላቸው እምቢ ብለው የቀረውን መንገድ በእግራቸው ወጡት። ከጎማው ይልቅ ያ ነው የቆጨኝ።

የፈነዳውን ሳስፈታ ጎኑን አነበብኩት። 4.00-8 ይላል። ስፋቱ 4 ኢንች፣ ቸርኬው 8 ኢንች ማለት ነው። አጠገቡ ደግሞ 4 ፒአር። ይቺን ነበር ስገዛ ያላየኋት። ፒአር ድሮ ጎማው ውስጥ ያለውን የክር ንጣፍ ብዛት ነበር የሚናገረው፤ ዛሬ የጥንካሬ ደረጃ ብቻ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ጎማው ብዙ ነፋስና ብዙ ጭነት ይችላል። የአሁኖቹ 6 ናቸው። 8ም አለ። የያዙት ልጆች ግን ባዶውን ስትነዳው ወገብ ይቆርጣል ይላሉ።

ሌላ የምትታይ ነገር አለች። ብዙ ጎማ ላይ በትንሽ ክብ ሳጥን ውስጥ አራት አሃዝ ይጻፋል። 3223 ካለ በፈረንጆቹ 2023፣ በ32ኛው ሳምንት ተሠርቷል። አንድ ሱቅ "ትናንት የገባ ነው" ብለው ያወጡልኝን ጎማ ሳየው አምስት ዓመቱ ነው። ጥርሱን ፈልቀቅ ሳደርገው ሥሩ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ትናንት የገባውማ ሱቁ ውስጥ ነው፤ እሱን አልዋሹም።

ጥርሱን ስመርጥ ባለሱቁ "ገጠር የምትወጣ ከሆነ ትልቅ ጥርስ ውሰድ" አለኝ። ልወስድ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ተራ ላይ ያለ አንድ ጓደኛዬ ነው ያዳነኝ። የእሱ ባጃጅ ትልቅ ጥርስ ስላሰረች አስፋልት ላይ ስትመጣ ከሩቅ እንደ ወፍጮ ታጉረመርማለች። ጭቃ ላይ ንጉሥ ነው፣ አልክድም። ግን ጥርሶቹ ስለተራራቁ ክብደቱ ሁሉ በጥቂቶቹ ላይ ያርፋል። የአዘዞ አስፋልት ደግሞ እንደ ሞረድ ይበላቸዋል። እኔ ከኋላ ጠጋ ጠጋ ያለ መካከለኛ ጥርስ፣ ከፊት ዙሪያውን ቀጥ ያለ ቦይ የሚዞረው አሰርኩ።

የፊቱን ጎማ ጉዳይ ብዙ ሰው አያስተውለውም። ኮረኮንች ላይ መኪና ሁለት መስመር ያወጣል። ጠጠሩ ከሁለቱም ተጠርጎ መሀል ላይ ይከመራል። ባጃጅ ግን ሦስተኛ እግር አላት። የኋላዎቹ መስመሩን እየታከኩ ቢሄዱ የፊቱ የሚረግጠው ያንኑ ክምር ነው። ስለዚህ የፊቱ ቶሎ አያልቅም፣ ይቆረጣል እንጂ። ባለፈው እሑድ አጥቤ ዙሪያውን በጥፍሬ እየዳሰስኩ ቆጠርኩ። ሰባት ቦታ ተቆርጧል። አንዱም ክሩ ጋ አልደረሰም። በ4 ፒአሩ ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ሌላ ወሬ ነበር የማወራው።

የኋላዎቹን የምለካው በክብሪት እንጨት ነው። ጥቅምት ላይ ጥርሱ መሀል ከትቼ የገባበትን ልክ በምላጭ ጫር አድርጌ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ሰሞኑን መልሼ ስከተው ሲሶው ብቻ ነው የገባ። እንግዲህ የኋላ ጎማ ዕድሜ ለእኔ መንገድ አሥር ወር ቢሆን ነው። በርካሹ ሁለት ጊዜ እቀይር ነበር። ሒሳቡን እናንተ ሥሩት።

ነፋስ ከፊት 30፣ ከኋላ 36 ፒኤስአይ (PSI) አደርጋለሁ፤ ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ። ኮረኮንቹ እንዲለሰልስ ብለው ነፋስ የሚቀንሱ አሉ። እኔም መጋቢት ላይ ሞክሬዋለሁ። ወለቃ ሳልደርስ አንድ ድንጋይ ጎማውን ከቸርኬው ጋር አጣብቆ የውስጥ ጎማዬን ጎን ለጎን ሁለት ቦታ በሳው። በዘጠኙ ወር የተነፈሰብኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱ ምስማር፣ አንዱ የራሴ ጥበብ።

ጎሚስታ ጋ ስትሄዱ ደግሞ ዓይናችሁን አትንቀሉ። የባጃጅ ቸርኬ ሁለት ግማሽ ሆኖ በብሎን የተያያዘ ነው። አንድ አዲስ ልጅ ነፋሱን ሳያስወጣ የመሀሉን ብሎኖች ሊፈታ ቁልፍ ሲሰካ ደረስኩበት። ጮኼ አስቆምኩት። ነፋስ እንዳለው ከተፈታ ሁለቱ ግማሽ ተፈናጥረው ፊት ይመታሉ። ልጁ "አላየሁትም ጋሼ" አለኝ። ገና 30 ዓመቴ ነው፣ ጋሼነቱንም ያን ቀን ጀመርኩት።

ጉድለቱን ልንገራችሁ። ጭቃ ላይ ደካማ ነው። ከአዘዞ አልፎ ወደ ተዳ ሜዳው ዋልካ ነው። ከሰኔ ወዲህ ከአስፋልቱ ወረድ ስል ጭቃው ጥርሱ መሀል ይሞላና ጎማው ሊሾ ይሆናል። ሁለት ጊዜ ተሳፋሪ ወርዶ ገፍቶኛል። ጓደኛዬ በዚያ ትልቅ ጥርሱ እያጉረመረመ በጎኔ ሲያልፍ ምን እንዳለኝ አልጽፈውም። ሥራችሁ ክረምት ከበጋ ዋልካ ላይ ከሆነ የእኔን ምክር አትስሙ፣ የእሱን ግዙ። ዝናብ ሲመታው ግን አስፋልቱ ላይ አላሳፈረኝም። ከፒያሳ ቁልቁል ስወርድ ፍሬን ስይዝ ቀጥ ብሎ ይቆማል።

አንድ ያጠፋሁት ነገር አለ። አራቱም ልካቸው አንድ ስለሆነ ስኮርታውን እያፈራረቅኩ ማሰር ነበረብኝ። ሰነፍኩ። አሁን ሁለት ያለቁ፣ አንድ ግማሽ የቀረውና አንድ ንክች ያላለ ጎማ ይዣለሁ። ነሐሴ ሳይገባ ስኮርታውን ወደ ኋላ ቀኝ አወርደዋለሁ። ለግራው ያንኑ 6 ፒአር አንድ እገዛለሁ፣ ዋጋው ካልጨመረ።