ክንዱ የሚመዘዘው ማሽን፦ ስድስት ዓመት በላም በረት ውስጥ

ከሌሊቱ 10፡30 ላይ ከሁላችንም ቀድሞ ሥራ የሚጀምረው ይህ ማሽን ነው። ላሞቹ ድምፁን ለይተው ያውቁታል፤ ሞተሩ እንደተነሳ ከተኙበት ብድግ ብድግ እያሉ ወደ መኖ ገንዳው ይሰለፋሉ። የምሠራው በእስራኤል፣ በኢይዝራኤል ሸለቆ፣ 300 ያህል የሚታለቡ ላሞች ባሉበት የሞሻቭ (የገበሬዎች የኅብረት መንደር) በረት ውስጥ ነው። ማሽኑን የገዛነው 3,000 ሰዓት ከሠራ በኋላ፣ ከሌላ ባለቤት እጅ ነው። ዛሬ 8,900 ሰዓት አልፎታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን አብዛኛውን ሰዓት እኔ ነኝ የነዳሁት።

ስሙ ቴሌሃንድለር ይባላል። አይቶት ለማያውቅ፦ ጋቢናው በግራ፣ ሞተሩ በቀኝ ጎን ነው፤ በሁለቱ መካከል ከኋላ በኩል የታሰረ ወፍራም የብረት ክንድ ወደ ፊት ይወጣል። ክንዱ ውስጡ ክፍት ሲሆን ሌላ ክንድ ይዟል፤ ይኸኛው በሃይድሮሊክ፣ ማለትም በዘይት ግፊት፣ ኃይል እንደ መሳቢያ ይመዘዛል። ጫፉ ላይ ፎርክ፣ ባኬት ወይም የድርቆሽ መውጊያ ይገጠምለታል። የእንግሊዙ ጄሲቢ ሎዶል ብሎ የሰየመውን የመጀመሪያ ቴሌሃንድለሩን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው፤ የፈረንሳዩ ማኒቱና የጣሊያኑ መርሎም በዚሁ ሥራ የታወቁ ናቸው። የሦስቱንም በተለያዩ በረቶች ነድቻለሁ። እዚህ የምመዝነው ግን አንዱን የንግድ ምልክት ሳይሆን መጠኑን ነው፤ 3 ቶን ገደማ የሚያነሳውን፣ ክንዱ 7 ሜትር ከፍታ የሚደርሰውን።

ዋናው ሥራው መኖ ነው። የእስራኤል ላም በአማካይ በዓመት ከ11,000 ኪሎ ግራም በላይ ወተት ትሰጣለች፤ ይህ የሚገኘው ደግሞ በየቀኑ በኪሎ ተመዝኖ ከሚደባለቅ መኖ ነው። ገፈራው፣ ማለትም ታምቆ የተብላላው ለምለም መኖ፣ ከጉድጓዱ፣ ድርቆሹ ከመጋዘኑ፣ እህሉ ከክምሩ እየተዛቀ ወደ ማደባለቂያው ጋሪ ይገባል። የጋሪው ግድግዳ ከሰው ቁመት በላይ ነው። ፊቱ ላይ መጫኛ የተገጠመለት ትራክተር ይህን ይሠራል፤ ነገር ግን እስከ ጋሪው ጠርዝ መጠጋት አለበት፣ ሾፌሩም ባኬቱ ውስጥ ስንት እንደቀረ ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ ይውላል። ቴሌሃንድለር ራቅ ብሎ ቆሞ ክንዱን ይመዝዝና በጋሪው መሐል ላይ ትንሽ በትንሽ ያራግፋል። ሚዛኑ 40 ኪሎ ሲቀረው ባኬቱን በጣት ያህል እያዘነበልኩ 40ውን ማድረስ እችላለሁ። ለዚህ ብቻ እንኳን ዋጋው ይገባዋል እላለሁ።

ሌላው አራቱም ጎማዎች መዞራቸው ነው። የፊቱና የኋላው በተቃራኒ ሲዞሩ በጠባቡ የጥጆች መተላለፊያ ውስጥ ያለ ብዙ ወዲያ ወዲህ ይታጠፋል፤ አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞሩ ደግሞ እንደ ሸርጣን በጎን ይሄዳል። ድርቆሽ ከግድግዳ አስጠግቶ ለመደርደር ይህ ሁለተኛው ትልቅ ነገር ነው። ጀማሪዎች ግን መሪውን በአንዱ ዓይነት ትተው መንገድ ላይ ይወጣሉና፣ ወደ አስፋልት ከመውጣቴ በፊት ጎማዎቹን አቅንቼ በፊት ብቻ እንዲዞር መመለሴን ሁልጊዜ አረጋግጣለሁ።

አሁን ወደሚያስፈራው ልግባ። የዚህ ማሽን ሦስት ቶን የሚባለው ክንዱ ሲሰበሰብ ብቻ ነው። ጋቢናው ውስጥ ያለው ሰሌዳ ላይ እንደተጻፈው፣ የእኛው ክንዱ በሙሉ ወደ ፊት ሲመዘዝ የሚችለው 1,250 ኪሎ ነው። ያም ቢሆን በደልዳላ መሬት፣ በፎርክ፣ ጭነቱም ወደ ማሽኑ ቀርቦ ሲቀመጥ ነው። መውጊያ ሲገጠም የመውጊያው ክብደት ይጨመራል፤ ጭነቱም ወደ ፊት ይርቃል።

በገዛነው በሁለተኛው ወር ሁለት ትልልቅ የድርቆሽ ጥቅሎች፣ እያንዳንዳቸው ወደ 450 ኪሎ የሚሆኑ፣ አንድ ላይ ወግቼ ከአምስተኛው ድርድር ላይ ላወርድ ነበር። ሌሊት ዝናብ ጥሎ መሬቱ ረጥቧል፤ የፊት ጎማዎቹ ትንሽ ሰምጠዋል። ክንዱን ስመዝዝ መሪው በእጄ ላይ ቀለለኝ። ከዚያ ወንበሬ ከኋላ በኩል ቀስ ብሎ ከፍ ሲል ተሰማኝ፤ ድንገተኛ ነገር አልነበረም፣ እንቅልፍ የያዘውን ሰው ትከሻ ነካ እንደ ማድረግ ያለ ነው። የኋላ ጎማዎቹ መሬት ለቀዋል። በዚያች ቅጽበት እጅ የሚሄደው ክንዱን ወደ ማውረድ ነው፤ እንዲያ ባደርግ ተገልብጬ ነበር፤ ከፍ ያለ ክንድ ሲወርድ ጭነቱ ከማሽኑ ይበልጥ ይርቃልና። የሚያድነው ክንዱን ወደ ውስጥ መሰብሰብ ነው። ሰበሰብኩት፤ የኋላው ዱብ ብሎ አረፈ፤ ሞተሩን አጥፍቼ ብዙ ጊዜ ተቀመጥኩ።

ማሽኑ ግን ከዚያ በፊት ራሱ ሊያቆመኝ ይገባ ነበር። በኋላው አክስል፣ ማለትም የኋላ ጎማዎቹን በሚያያይዘው ዘንግ፣ ላይ የሚቀመጥ መለኪያ አለው፤ የኋላው ክብደት ሲቀልል መብራት ያበራል፣ ይጮኻል፣ በመጨረሻም የክንዱን እንቅስቃሴ ይቆልፋል። የእኛው አንድም ድምፅ አላሰማም። መካኒኩ ከሥር ገብቶ ሲያይ ሽቦው ተቆርጦ በሌላ ሽቦ ተጠላልፎ፣ በጥቁር ፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘው። የቀድሞው ሾፌር በየደቂቃው ሲጮኽበት ሰልችቶት ነው መሰለኝ። ከኋላም በሲሚንቶ የተሞላ በርሜል በቡሎን ታስሮበት ነበር፤ እኛ ስንገዛው ጠቃሚ ጭማሪ መስሎን ነበር። በርሜሉን አነሳነው፤ ሽቦው በአዲስ ተቀየረ፤ መለኪያውም በባለሙያ እንደገና ተስተካከለ። የማሽኑን ማስጠንቀቂያ የሚያፍን ማንኛውም ሰው ቀጥሎ የሚነዳውን ሰው ሕይወት ነው የሚነካው። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ይህን ያለ ቁጣ መጻፍ አልችልም።

ካደረግናቸው ማሻሻያዎች ግን የምኮራባቸው አሉ። የመጀመሪያው የራዲያተሩ ወንፊት ነው። በሐምሌ ሙቀት፣ ድርቆሽ በሚቆራረጥበት በረት ውስጥ፣ እብቁ ራዲያተሩን በአንድ ሰዓት ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል፤ የሙቀት መጠቆሚያው ወደ ቀዩ ይወጣል። ከቀጭን የሽቦ መረብ የሚመዘዝ ሳጥን ሠራሁለት፤ በየጋሪው ጭነት መሐል መዝዤ አራግፌ እመልሰዋለሁ። ማታ ደግሞ በአየር መንፊያ ከውስጥ ወደ ውጭ እነፋዋለሁ፤ ከውጭ ወደ ውስጥ የነፋ ሰው እብቁን ጠቅጥቆ ያስገባዋል። በዚያው እግረ መንገዴን ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ዙሪያ የተጠራቀመውን ገለባ እጠርጋለሁ፤ እሳት የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሁለተኛው የባኬቱ ከንፈር ነው። ከድንጋይ መፍጫ የተጣለ የኮንቬየር ቀበቶ ቁራጭ ከባኬቱ ጠርዝ ሥር አድርጌ፣ በላሜራ ደግፌ በስምንት ቡሎን አሰርኩት። አሁን የመኖ መተላለፊያውን ስገፋ ሲሚንቶውን አይፍቅም፤ ላሞቹም በጩኸቱ አይደነብሩም። ሦስተኛው በቀኝ በኩል ያስገጠምኩት ካሜራ ነው። ክንዱ ዝቅ ሲል የቀኙን የኋላ ጎን ይጋርዳል፤ ይህ የማሽኑ አሠራር የሚያመጣው ስለሆነ በሦስቱም ምርቶች ላይ አይቼዋለሁ። ስፖኪዮው ብቻውን አይበቃም፤ በረት ውስጥ ሕፃናትም ውሾችም ይዞራሉ።

አንድ ትንሽ ነገር ለጀማሪ፦ የግራብ፣ ማለትም ክንዱ ጫፍ ላይ የሚገጠመው መጨበጫ፣ የዘይት ቱቦዎች ቀትር ላይ ማሽኑ ላይ ካለው ማያያዣ አልገባ ቢሉ በመዶሻ አትምቷቸው። ፀሐይ ያሞቀው ዘይት ቱቦው ውስጥ ተጨናንቆ ነው። ሞተሩን አጥፍታችሁ፣ አንዳንዱ ማሽን ላይ ቁልፉን ብቻ ከፍታችሁ፣ የመቆጣጠሪያውን እጀታ ጥቂት ጊዜ ወዲያና ወዲህ አድርጉት፤ በማሽኑ በኩል ያለው ግፊት ይለቃል። የግራቡን ቱቦ ደግሞ ጥላ ውስጥ ማቆየት ነው።

አባቴ ብረት ሠሪ ነበር፤ ጎንደር አጠገብ፣ ወለቃ ውስጥ ማረሻና ማጭድ ይሠራ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1991 ወደዚህ ስንመጣ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ወናፉን የምነፋለት እኔ ነበርኩ። ውኃ የጠጣ ማረሻ ተመልሶ እሳት ውስጥ ከገባ ጥንካሬው እንደሚሄድ ያየሁት ከእሱ እጅ ላይ ነው። ባለፈው ክረምት አንዱ የድርቆሽ መውጊያ ጦር ጎበጠ። ሠራተኞቹ አሙቀን እናቅናው፣ ቢሰበርም እንበይደው አሉ። ጦሩ ተቀጥቅጦና በሙቀት ጠንክሮ የወጣ ብረት ነው፤ ብታሞቀው ከሞቀበት ቦታ ላይ ይለሰልሳል፤ ብትበይደው ከብየዳው አጠገብ ይሰበራል፤ የሚሰበረውም ጭነት ተሸክሞ ከፍ ሲል ነው። አባቴ ያንን ጊዜ በረቱ ድረስ መጥቶ ነበር። ጦሩን አንስቶ በጥፍሩ መታ መታ አደረገው፤ ድምፁን አዳመጠና «ልጄ፣ ይህ ሥራውን ጨርሷል፤ ጣለው» አለኝ። ሥሩ ላይ ያለውን ዳዶ ፈትቼ አዲስ አስገባሁ። በዚሁ ምክንያት ክንዱ ላይ ምንም ነገር እንዳይበየድ፣ ለመብራት ማሰሪያ ተብሎ እንኳን ቀዳዳ እንዳይበሳ ከልክያለሁ። መብራቶቹን ጋቢናው ጣሪያ ላይ አስረናቸዋል።

ጥገናው ከባድ አይደለም፤ ትጋት ግን ይፈልጋል። ግራሶ የሚገባባቸውን ቦታዎች ሁሉ ቀይ ቀለም ቀብቻቸዋለሁ። የውስጠኛው ክንድ የሚንሸራተትባቸውን ፕላስቲኮች በየወሩ አያለሁ፤ ካለቁ ብረት ከብረት ይፋተጋል፤ ክንዱም ሲመዘዝ ይንገጫገጫል። ክንዱን ስቀባ አሮጌውን ግራሶ መጀመሪያ በጨርቅ አወልቃለሁ፤ አሸዋ የጠጣ ግራሶ ከሞረድ አይለይም። ጎማ ግን ይበላል፤ የፊቶቹን ሁለት ጊዜ ቀይረናል፤ አምስተኛውን ኮከብ የነሳሁት በዚህና በመለዋወጫው ዋጋ ነው። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ቢሾፍቱ አጠገብ 40 ላሞች አሉት። «ጋሼ፣ ያገለገለ አንድ ማሽን አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» ብሎ ደወለልኝ። ለ40 ላም አይገባህም፣ መጫኛ ያለው ትራክተር ግዛ፤ ትራክተሩ ያርስልሃል፣ መለዋወጫውንም ታገኛለህ፣ ይህ ግን ንጹሕ ዘይትና ሃይድሮሊክ የሚያውቅ መካኒክ ካላገኘ ቆሞ ይቀርብሃል አልኩት። ከሦስት ጎረቤቶቹ ጋር ተካፍለው፣ ለድርቆሽም ለፍግም ሊያሠሩት እንዳሰቡ ነገረኝ። እንዲያ ከሆነ ሌላ ጉዳይ ነው። ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ከሥር ገብቶ የኋላ አክስሉን ሽቦ ፎቶ አንስቶ እንዲልክልኝ፣ ከዚያም ባዶውን ክንድ በሙሉ መዝዞ ሲንገጫገጭ እንዲያዳምጥ አዘዝኩት። እስካሁን የላከልኝ የጎማዎቹን ፎቶ ብቻ ነው፤ ዛሬ ማታ እደውልለታለሁ።